የጦር ወንጀል ምርመራና ክስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ተጎጂዎችና ቤተሰቦች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

በጦርነት የሞተ ሰው ሁሉ የጦር ወንጀል ተፈጽሞበታል ማለት ነው?

አይደለም። ተዋጊ ተዋጊን በውጊያ ላይ ቢገድል ሐዘኑ ሐዘን ነው እንጂ በሕግ የጦር ወንጀል አይባልም። ሲቪል ሰውን ሆን ብሎ መግደል፣ የተማረከን ወይም ቆስሎ መሣሪያ የጣለን ሰው መግደል፣ ማሰቃየት፣ መድፈር፣ ማገት፣ መዝረፍ፣ ሆስፒታልን ማውደም ግን የጦር ወንጀል ነው። ፈጻሚው የየትኛውም ወገን ታጣቂ ቢሆን ለውጥ የለውም።

አስቸጋሪው የመድፍና የድሮን ጥቃት ነው። መርማሪ የሚጠይቀው ዒላማው ምን እንደነበር፣ በአካባቢው ወታደራዊ ነገር እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ በሲቪሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም ጋር ሲመዘን ያለልክ የበዛ መሆን አለመሆኑን ነው። በሰፈሩ የጦር መኪና ወይም የተሰበሰበ ታጣቂ ከነበረ እንደነበረ ይናገሩ። መኖሩ ብቻውን ጉዳዩን አያፈርሰውም። ጉዳዩን የሚያፈርሰው ተደብቆ ቆይቶ ችሎት ላይ ሲገለጥ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ የትኛው አንቀጽ ነው? ቅጣቱስ?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 270 በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይመለከታል፤ አስገድዶ መድፈርም በዚሁ ውስጥ አለ። አንቀጽ 271 ቁስለኞችን፣ ሕሙማንንና የሕክምና አገልግሎትን፣ አንቀጽ 272 የጦር ምርኮኞችን፣ አንቀጽ 273 ዘረፋን ይይዛል። በአንቀጽ 270 ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይደርሳል። አንቀጹ የፈጸመውን ብቻ ሳይሆን ያደራጀውንና ያዘዘውንም ይጠይቃል።

ምርመራው ምኑ ተለወጠ? ድሮም ምስክር ይቆጠር አልነበር?

ይቆጠር ነበር፤ ዛሬም ምስክር ዋናው ነው። የተለወጠው ከምስክሩ ጎን የሚቆመው ማስረጃ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱት በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከደርግ ቢሮዎች ባገኛቸው ሰነዶች፣ በምስክሮችና ከጅምላ መቃብር በወጣ አጽም ነው። ቁፋሮውን ያገዙት የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች ነበሩ። የዚያ ዘመን ገዳይ የሠራውን በወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር፤ የዛሬው ደግሞ ራሱ በስልክ ይቀርጸዋል ወይም ከመስኮት የሚያይ ጎረቤት ይቀርጸዋል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በሊቢያዊው አዛዥ በማሕሙድ አል ወርፈሊ ላይ የእስር ትእዛዝ ሲያወጣ ዋና መሠረቱ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቁ ቪዲዮዎች ነበሩ፤ ክሱ በ7 ክስተቶች የተገደሉ 33 ሰዎችን ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮንጎ ቡካቩ ሁለት የታጣቂ አዛዦች ሲፈረድባቸው፣ ቦታንና ጊዜን አብሮ በሚያሽግ የስልክ መተግበሪያ የተነሱ ፎቶዎች ለማስረጃነት ቀርበዋል። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ከኢንተርኔት የሚገኝ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚመረመር የሚደነግገው የበርክሌይ ፕሮቶኮል ወጣ። አል ወርፈሊ ግን ሳይያዝ፣ ችሎት ፊት ሳይቆም በ2021 ቤንጋዚ ውስጥ ተገድሏል። ቪዲዮ የእስር ትእዛዝ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሰውየውን ይዞ ማምጣት ግን የመንግሥታት ሥራ ነው።

ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ እንዴት ላስቀምጠው?

በመጀመሪያ ምንም አይንኩት። አይቁረጡት፣ ጽሑፍ ወይም ሙዚቃ አይጨምሩበት፣ ፊት እሸፍናለሁ ብለው ዋናውን አይቀይሩት። መሸፈን ካስፈለገ ኮፒው ላይ ይሸፈናል። ዋናው ፋይል በውስጡ የተቀረጸበትን ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነት፣ ሎኬሽን በርቶ ከነበረም ቦታውን ይዟል። ይህ ሜታዳታ ይባላል።

ከዚያ ገመድ ሰክተው በቀጥታ ወደ ሁለት የተለያዩ ፍላሾች ወይም ሃርድ ዲስኮች ይገልብጡትና በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያስቀምጧቸው። በዋትስአፕ እንደ ቪዲዮ ከላኩት ተጨምቆ ሜታዳታው ይጠፋል፤ በቴሌግራምም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል። መላክ ግድ ከሆነ በሁለቱም ላይ «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» በሚለው ይላኩት። ስክሪንሾት ወይም ስልክን በሌላ ስልክ መቅረጽ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

የኮምፒውተር ሰው ካገኙ የፋይሉን «ሃሽ» ያሠሩ። ኤስ ኤች ኤ 256 የሚባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣል። ከቪዲዮው አንዲት ነጥብ ብትቀየር መለያው ሌላ ይሆናል። መለያውን በወረቀት ጽፈው፣ ቀን አስገብተው፣ ከሁለት ምስክሮች ጋር ቢፈርሙበት ከዓመታት በኋላ «ተነካክቷል» ለሚል ጠበቃ መልስ ይሆናል። ፍላሹ እጅ በተለዋወጠ ቁጥርም ማን ከማን፣ መቼና የት እንደተረከበ በአንድ ገጽ ይመዝገብ። ብዙ ማስረጃ የሚወድቀው ሐሰት ሆኖ ሳይሆን ይህች ገጽ ስለምትጎድል ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

ቪዲዮው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አለ፤ እዚያ መኖሩ አይበቃም?

አይበቃም። ኩባንያዎቹ አሰቃቂ ምስልን ያጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ በማሽን ማጣሪያ ብዙ የሶርያ ጦርነት ቪዲዮዎችን በማንሳቱ የማስረጃ ሰብሳቢዎች ሥራ ተጎድቷል። ሊንኩን፣ የለቀቀውን ገጽ ስምና ያዩበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ቪዲዮውንም ያውርዱት። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የተለቀቀበት ቀን የተቀረጸበት ቀን አይደለም። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ ወራት ቆይቶ ሊለቀቅ ይችላል።

ቪዲዮው የደሴ መሆኑን ፍርድ ቤት በምን ያውቃል?

በመልክዓ ምድሩ። መርማሪዎች ከጀርባ የሚታየውን የጦሳን ሰንሰለት፣ የመስጊድ ሚናሬትን፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትን፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን አሰላለፍና የሱቅ ጽሑፍን ከሳተላይት ምስል ጋር ያመሳክራሉ። ስለዚህ ሲቀርጹ ዝግ ብለው ካሜራውን ዙሪያውን ያዙሩት፤ አስከሬንን ብቻ አቅርቦ የሚያሳይ ቪዲዮ የትም ሊሆን ይችላል። ከሐረጎ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ የአካባቢው ሰው በአንድ እይታ ያውቀዋል። ዳኛው ግን አያውቀውም፤ ፋብሪካው፣ ድልድዩ ወይም የቦርከና ወንዝ ቢገባበት ይለያል።

ጥላም ይመሰክራል። በደሴ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በጥቅምትና በኅዳር ወደ ሰሜን ነው። በቀትር ወደ ሰሜን የሚወድቅ ጥላ ያለበትን ቪዲዮ «በሰኔ ተቀረጸ» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ይጋለጣል።

ሳተላይትም አለ፣ ግን አቅሙን ማወቅ ያሻል። በነጻ የሚገኘው ሴንቲኔል 2 በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ የምስሉ አንድ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር ነው። የተቃጠለ መጋዘን ያሳያል፣ ሰው አያሳይም። የንግድ ሳተላይቶች እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳሉ፤ አዲስ የተቆፈረ አፈርና የተሰበሰቡ ተሽከርካሪዎች ይታዩባቸዋል። በክረምት ደመና ይሸፍናል፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ስለሆነ የ2014ቱን ክስተቶች ለማመሳከር ይመቻል።

ምስክሮች የሚናገሩት ሰዓትና ቀን ለምን አይገጥምም ይባላል?

ምስክሩ ዋሽቶ አይደለም፤ አቆጣጠራችን ነው። አንዲት እናት «ጠዋት 3 ሰዓት» ስትል የስልክ ሰዓት 9፡00 ይላል። በፋይሉ ውስጥ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6፡00 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። አስተርጓሚ ዝም ብሎ «3 ሰዓት» ብሎ ከጻፈው፣ ምስክሯ ፀሐይ ወጥታ ያየችውን በውድቅት ጨለማ አየች ተብሎ ይነበባል።

ሌሊት ደግሞ ይብሳል። «ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለውን አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ ብሎ ይጽፈዋል። የቀን ልውውጥም ወጥመድ አለው፦ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት (እንደ 2015) ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት (እንደ 2016)፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ልዩነቱ በአንድ ቀን ይዛነፋል። መፍትሔው የምስክሩን ቃል እንደተናገረው መጻፍ፣ ልውጡን ከጎኑ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። «ከመግሪብ አዛን በፊት»፣ «የገበያ ቀን ነበር»፣ «የሚካኤል ዕለት» የሚሉ ምልክቶችን አይሰርዟቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ የበለጠ የሚታመኑት እነሱ ናቸው።

ቪዲዮም ፎቶም የለኝም። ምን ማስረጃ ሊኖረኝ ይችላል?

ብዙ። በደሴና በኮምቦልቻ ከሁሉ የተዘነጋው የእድር መዝገብ ነው። ማን በየትኛው ቀን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ማን እንደቀበረው፣ ለቤተሰቡ ስንት እንደተከፈለ ይዟል፤ ክስ ይመጣል ተብሎ ሳይታሰብ በጊዜው የተጻፈ ስለሆነም ክብደት አለው። ብዙው መዝገብ ግን «አረፈ» ብቻ ይላል። በኋላ በሌላ እስክሪብቶ «በጥይት» ብሎ መጨመር መዝገቡን በሙሉ ያስጥላል። መዝገቡን እንዳለ ትተው፣ የሚያውቁትን በሌላ ወረቀት ላይ የዛሬን ቀን አስገብተው ይጻፉ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ የቀብር መዝገብ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የጤና ጣቢያ የድንገተኛ መዝገብም እንዲሁ ናቸው።

ለዘረፋ ደግሞ ንብረቱ እንደነበረና እንደጠፋ ሁለቱም መረጋገጥ አለባቸው። የመንግሥት ተቋም ከሆነ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ)፣ የመጋዘን ቢን ካርድ፣ የመጨረሻው ቆጠራ ይፈለጋል። በፋብሪካ የበር ጥበቃ መዝገብና የመኪና መውጫ ፈቃድ፣ በግል ሱቅ የግዢ ደረሰኝና የግብር መዝገብ ያገለግላሉ። በኅዳር 2014 መጨረሻ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በሁለቱም ከተሞች እደላ አቁሞ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቆመው በጆንያ ቁጥርና በቀን ነው። ግምትን እንደ ቆጠራ አያቅርቡ። አንዱ ቁጥር የተጋነነ ሆኖ ከተገኘ እውነተኞቹ ዘጠኙም ይጠረጠራሉ።

የተቀበሩበትን ቦታ እናውቃለን። አውጥተን በክብር እንቅበራቸው?

ፍላጎቱ የሚገባ ነው፤ ግን ከተቻለ ይታገሱ። አጽሙ የተጋደመበት አኳኋን፣ እጅ የታሰረበት ገመድ፣ በአፈር ውስጥ የቀረ ጥይት፣ የአፈሩ ድርብርብ በአካፋ አንዴ ከተዛባ አይመለስም። ቦታውን በፎቶ ይያዙ፣ በስልክ ካርታ ላይ ነጥቡን ያስቀምጡ፣ የቀበሩትን ሰዎች ስም ይመዝግቡ፣ ለፖሊስና ለሆስፒታል በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የሃይማኖት አባቶችንም ያማክሩ።

ጎርፍ ወይም የመንገድ ሥራ አስገድዶ ከወጣ፣ ወይም ቀድሞ ከወጣ፣ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ያንሱ፤ ልብስንና ቁሳቁስን በየሰው ለይተው በጥላ አድርቀው በወረቀት ከረጢት ያኑሩ፤ ላስቲክ ያሻግታል። ማንነት በዲኤንኤ የሚለየው ከእናት፣ ከአባት ወይም ከልጅ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ፣ የሸመገሉ ወላጆች ናሙና ሳይዘገይ እንዲወሰድ ይጠይቁ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ካዩ ግን ለማስረጃ ብለው እንኳ አይቅረቡ፤ ከሩቅ ፎቶ አንስተው ያሳውቁ።

ከተደፈረች ዓመታት ካለፉ ማስረጃ ይኖራል?

ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሆስፒታል መድረስ ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ወሳኝ ነው፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። የሰውነት ናሙናም የሚገኘው በቀናት ውስጥ ነው። ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከተቀመጠ ግን ከዚያ በላይ ይቆያል።

ጊዜው ካለፈ ደግሞ የሕክምና ካርድ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምርመራ፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋየቻት ሰው ቃልና የራሷ ምስክርነት አሉ። ሰውነት ላይ ጠባሳ አለመኖሩ አልተደፈረችም ማለት አይደለም። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ የልጆቿን ስም ለማንም የእርዳታ ዝርዝር አሳልፎ መስጠት ነውርም ጉዳትም ነው። የምትናገረውም የማትናገረውም እሷ ናት።

አምስት ድርጅት መጥቶ ቃሌን ወሰደ። አሁንም ልናገር?

ከመናገርዎ በፊት ይጠይቁ፦ ማን ናችሁ? ቃሌ የት ይሄዳል፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይስ ለሪፖርት? ስሜ ይጻፋል? ሐሳቤን ብቀይር ይሰረዝልኛል? ኮፒ ይሰጠኛል? የማይመልስ ሰው ቃል ሊቀበል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሙራድ ደንብ ከወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች ቃል ለሚቀበሉ ሁሉ ይህንኑ ያዛል።

ችግሩ ሕመሙን መቀስቀሱ ብቻ አይደለም። አምስት ጊዜ የተነገረ ታሪክ በአምስት የተለያየ እጅ ሲጻፍ፣ አንዱ «ሦስት ነበሩ» ሌላው «አራት» ይላል፤ ተከላካይ ጠበቃ ሁሉንም አስቀርቦ ምስክሩን በራሱ ቃል ይመታዋል። ቃል ሰጥተው ከሆነ ለማን፣ መቼ እንደሰጡ ጽፈው ይያዙና ለሚቀጥለው መርማሪ ያንን አስቀድመው ይንገሩ። ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን መለየትም የምስክር ትልቁ ጉልበት ነው። «አላስታውስም» ነውር የለውም።

ብመሰክር ማን ይጠብቀኛል?

የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። በከባድ ወንጀሎች ማንነትን መደበቅን፣ መኖሪያ መቀየርን፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን ይፈቅዳል። ጥበቃው በማመልከቻ የሚገኝ እንጂ በራሱ የሚመጣ ስላልሆነ፣ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከሰጡ በኋላ ስሙ በመዝገብ ገብቷል። ምስክር መሆንዎን በሰፈርም ሆነ በፌስቡክ አይናገሩ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሐሰተኛ ቪዲዮ ሁሉንም አያበላሸውም?

አደጋው ሁለት ፊት አለው፤ ሐሰተኛው እውነት ይመስላል፣ እውነተኛውም «ፌክ ነው» ተብሎ ይካዳል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ብቻውን አይታመንም። ዋናው ፋይል ከተገኘ፣ የቀረጸው ሰው ቀርቦ ከመሰከረ፣ ያንኑ ክስተት ሌላ ሰው ከሌላ አቅጣጫ ከቀረጸው፣ ከእድር መዝገቡና ከሆስፒታል ካርዱ ጋር ከገጠመ ይቆማል። ያላረጋገጡትን ቪዲዮ «የደሴ ነው» ብለው አያጋሩ፤ የሌላ አገር ምስል ሆኖ ሲገኝ የሚጎዳው የደሴ ተጎጂ ነው።

ጉዳያችን ሄግ ይሄዳል?

በቀጥታ አይሄድም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ጉዳዩ ሊሄድ የሚችለው መንግሥት በመግለጫ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ከተቀበለ፣ ወይም የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ዳርፉርን በ2005፣ ሊቢያን በ2011 እንደመራው ከመራው ነው፤ እዚያ ደግሞ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በታኅሣሥ 2014 ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽንም በ2016 መጀመሪያ ጊዜው ሳይታደስ ቀርቷል።

በአገር ውስጥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕን ያነሳል፤ ፖሊሲውም ሚያዝያ 9 ቀን 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይኖራሉ ይላል። ፖሊሲ ግን ክስ አይመሠርትም፤ የሚመሠርተው በአዋጅ የቆመ ተቋም ነው።

ተጠርጣሪው ውጭ አገር ቢሸሽስ?

ብዙ አገሮች የትም የተፈጸመ የጦር ወንጀልን ይከሳሉ። በደርግ ዘመን በጎጃም ለተፈጸመው ግፍ እሸቱ ዓለሙን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ሕግ ዕድሜ ልክ ፈርዶበታል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2022 አጽንቶታል። ወንጀሉ ሲፈጸምና ፍርዱ ሲሰጥ ወደ 40 ዓመት ገደማ አልፏል። አሜሪካ ደግሞ በስደት ማመልከቻ ላይ በመዋሸት ትከሳለች፤ ከፈለኝ ዓለሙ በዚሁ መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. በዴንቨር 22 ዓመት ተፈርዶበታል። እነዚህን ያስቻሉት በሕይወት የቆዩ ምስክሮችና ያልጠፉ ወረቀቶች ናቸው።

«ታዝዤ ነው» ወይም «እኔ አልተኮስኩም» ማለት ያድናል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 73 ያዘዘውን፣ አንቀጽ 74 የታዘዘውን ይመለከታል። ግልጽ ወንጀል የሆነን ትእዛዝ እያወቀ የፈጸመ አያመልጥም። አዛዥን ለመጠየቅ ግን ግድያውን ማሳየት አይበቃም፤ ሰንሰለቱ መታየት አለበት። ምስክር ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፦ የትከሻ ምልክት፣ በሬዲዮ የተጠራ የማዕረግ ወይም የቅጽል ስም፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ያረፉበት ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት፣ ማን ሲመጣ ሌሎቹ ተነስተው እንደቆሙ።

በ1928 ደሴ ከአየር ስትደበደብ ማስረጃ ሞልቶ ነበር። ለምን ማንም አልተጠየቀም?

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲመቱ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ሐኪሞች እዚያው ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው 10 ጣልያናውያን አብዛኞቹን፣ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጭምር፣ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን በ1948 እ.ኤ.አ. ሊከሰሱ ይገባል ብሎ ተቀበለ። ያኔ የነበሩት ኃያላን ግን ተላልፈው እንዲሰጡ አልረዱም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ለኢትዮጵያ አንድም ቀን አልተጠየቀም። የጎደለው ማስረጃ አልነበረም፤ የሚከስ አካል ነበር። ይህ ቁጭት ዛሬም ድረስ ሕያው ነው።

አዲስ ሕግ ቢወጣ ለ2014 ወደ ኋላ ይሠራል? ጊዜውስ አያልፍም?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 አንድ ድርጊት ሲፈጸም ወንጀል ካልነበረ ማንም እንደማይቀጣበት ይደነግጋል። «በሰብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል» በወንጀል ሕጋችን ራሱን ችሎ ስላልተደነገገ፣ በዚህ ስም ወደ ኋላ መክሰስ ክርክር ያስነሳል። የአንቀጽ 270 እና ተከታዮቹ ግን ከ1997 ጀምሮ ስለነበሩ ለ2014 ድርጊት ያለምንም አዲስ አዋጅ ይሠራሉ። አንቀጽ 28 ደግሞ የዘር ማጥፋት፣ ያለፍርድ የሞት ቅጣት፣ አስገድዶ መሰወርና ኢሰብዓዊ ድብደባን የመሰሉ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይናገራል።

ስለዚህ ቃል ሲሰጡ «ይህ ዘር ማጥፋት ነው» ወይም «የጦር ወንጀል ነው» ብሎ ስም ማውጣት አይጠበቅብዎትም። ስሙን ዐቃቤ ሕግ ይመርጣል። ከእርስዎ የሚፈለገው ሰውየው ምን እንደለበሰ፣ ምን እንዳለ፣ በስንት እርምጃ ርቀት እንደቆመ፣ እርስዎስ የት ሆነው እንዳዩት ነው።